ሊ ኤንድ ፌቢገር፦ አንድ የሕክምና መጻሕፍት አሳታሚ እንዴት ተፈጠረ?

የሕክምና ተማሪ መጽሐፉን ሲገልጥ ቀድሞ የሚያነበው የደራሲውን ስም ነው፤ ከሽፋኑ ግርጌ የሰፈረውን የአሳታሚ ስም ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው። ነገር ግን የትኛው ሐኪም እንዲጽፍ እንደሚጠየቅ፣ መጽሐፉ ምን ያህል ሥዕል እንደሚይዝ፣ በየስንት ዓመቱ እንደሚታደስና በምን ዋጋ እንደሚሸጥ በአብዛኛው የሚወስነው ያ ስሙ የማይታወስ ድርጅት ነው። እዚህ የምንመለከተው በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ በ1785 የተጀመረውንና በመጨረሻ ሊ ኤንድ ፌቢገር በሚል ስም እስከ 1990 ራሱን ችሎ የቆየውን አሳታሚ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ድርጅቱ ሲመሠረት ከሕክምና ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። ለብዙ ዓመታት ጋዜጣ፣ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ካርታና ልብ ወለድ ሲያትም ከቆየ በኋላ የቅጂ መብት ሕግ፣ የከተማዋ ሐኪሞችና የሕክምና እውቀት የራሱ ጠባይ ተደጋግፈው ወደ አንድ አቅጣጫ ገፉት። ይህን ጉዞ የተከታተለ ሰው፣ የሕክምና መጽሐፍ ዛሬም ለምን ውድ እንደሆነና ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚለወጥ በተሻለ ይረዳል።

መሥራቹ ማቲው ኬሪ በ1760 በአየርላንድ ደብሊን ከዳቦ ጋጋሪ ቤተሰብ ተወለደ። በዚያን ዘመን የእንግሊዝ መንግሥት በአየርላንድ ካቶሊኮች ላይ ብዙ የመብት ገደቦችን ጥሎ ነበር፤ ኬሪ ገና በወጣትነቱ ያንን የሚያወግዝ ጽሑፍ ለማሳተም በመነሣቱ አገሩን ጥሎ ወደ ፓሪስ ለመሸሽ ተገደደ። ፓሪስ ሳለ፣ የአሜሪካ መልእክተኛ ሆኖ በዚያ ይኖር በነበረው በቤንጃሚን ፍራንክሊን የግል ማተሚያ ቤት ውስጥ ሠራ፤ በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ስሙ ከገነነው ከማርኪ ደ ላፋዬትም ጋር ተዋወቀ። ወደ ደብሊን ተመልሶ ጋዜጣ ቢያቋቁምም በ1784 ታሰረ። ከእስር ከወጣ በኋላም ሌላ ክስ ያሰጋው ስለነበር፣ የሴት ልብስ ለብሶ መርከብ በመሳፈር ወደ አሜሪካ እንዳመለጠ ይነገራል። ፊላደልፊያ ሲደርስ ገንዘብ አልነበረውም፤ ላፋዬት በሰጠው 400 ዶላር ግን በጥር 1785 ጋዜጣ ማተም ጀመረ። ድርጅቱ ልደቱን የሚቆጥረው ከዚህ ነው። ላፋዬት በ1824 አሜሪካን ዳግመኛ ሲጎበኝ ኬሪ ያንን ገንዘብ መልሶለታል።

ኬሪ ከጋዜጣ ወደ መጽሔት፣ ከመጽሔት ወደ መጽሐፍ ተሸጋገረ። በ1790 ያሳተመው መጽሐፍ ቅዱስ በአሜሪካ ምድር የታተመ የመጀመሪያው የካቶሊክ መጽሐፍ ቅዱስ ሲሆን፣ በ1795 ደግሞ የአገሪቱን አትላስ አወጣ። መጻሕፍቱን በጋሪ ጭነው ወደ ደቡብ ግዛቶች እየተጓዙ የሚሸጡ ወኪሎችም ነበሩት።

ይህ አሳታሚ ከጤና ጉዳይ ጋር በሰፊው የተገናኘው በመከራ ጊዜ ነው። በ1793 ቢጫ ወባ ፊላደልፊያን መትቶ፣ ወደ 50,000 ከሚጠጋው የከተማዋ ነዋሪ 5,000 ያህሉን በጥቂት ወራት ውስጥ ገደለ። ኬሪ ከተማዋን ለመታደግ በተቋቋመው ኮሚቴ ውስጥ አባል ነበርና ስለ ወረርሽኙ ያየውንና የሰማውን ወዲያው ጽፎ አሳተመ፤ ጽሑፉም በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተደጋግሞ ታተመ። በውስጡ ግን ሕሙማንን ያስታመሙ ጥቁር ነዋሪዎች አንዳንዶቹ ከፍተኛ ክፍያ እየጠየቁና እየሰረቁ በሕዝቡ ችግር ተጠቅመዋል የሚል ክስ ነበረበት። ጥቁሮች በሽታው አይዛቸውም ተብሎ በስህተት ስለታመነ ለማስታመምና ሬሳ ለመቅበር እንዲወጡ የተጠየቁት እነርሱ ነበሩ፤ ብዙዎቹም በዚያው ሞተዋል። የጥቁሮቹ ማኅበረሰብ መሪዎች አብሳሎም ጆንስና ሪቻርድ አለን በ1794 የራሳቸውን ጽሑፍ አሳትመው፣ የተቀበሉትንና ያወጡትን ገንዘብ በዝርዝር በማቅረብ ክሱን ተከላከሉ። እንደ እኔ እምነት ይህ ክስተት በድርጅቱ ታሪክ ውስጥ በቀላሉ ሊታለፍ አይገባም፤ የማተሚያ መሣሪያ በእጁ ያለ ሰው ስለ በሽታ የሚጽፈው ነገር ከሐኪሙ ቃል ፈጥኖ ሊሰራጭና ሰውን ሊጎዳ እንደሚችል ገና ከጅምሩ አሳይቷልና።

የድርጅቱ ስም በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ታሪኩን መከታተል ያስቸግራል። ነገሩ ቤተሰባዊ ነው። የኬሪ ልጅ ፍራንሲስ በ1821 አይዛክ ሊ የተባለውን ሰው አገባች፤ አይዛክም ከኬሪ ወንድ ልጅ ከሄንሪ ቻርልስ ኬሪ ጋር ሸሪክ ሆነ፤ ድርጅቱም ኬሪ ኤንድ ሊ ተባለ። ቆይቶ ብላንቻርድ የሚባል ሸሪክ ሲገባና ሄንሪ ኬሪ ሲወጣ በ1838 ሊ ኤንድ ብላንቻርድ፣ በ1851 ብላንቻርድ ኤንድ ሊ፣ በ1865 ሄንሪ ሲ. ሊ ተባለ፤ ሊ ኤንድ ፌቢገር የሚለው ስም የመጣው በ1900ዎቹ መጀመሪያ ነው። በእነዚህ ሁሉ ስሞች ሥር የሚሠራው ግን ያው አንድ ድርጅት ነው።

ወደ ሕክምና የዞረበትን ምክንያት ለመረዳት የዚያን ጊዜ የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1790 የወጣው ሕግ የሚጠብቀው የአሜሪካ ዜጎችንና ነዋሪዎችን ሥራ ብቻ ነበር። ስለዚህ በለንደን ወይም በኤድንብራ የታተመን መጽሐፍ ማንኛውም የአሜሪካ አሳታሚ ደራሲውን ሳያስፈቅድና ሳይከፍል እንደገና ማተም ይችል ነበር። ኬሪ ኤንድ ሊ በ1820ዎቹ የስኮትላንዳዊውን የዋልተር ስኮትን ልብ ወለዶች እያተመ ብዙ ገንዘብ ያገኘው በዚህ መንገድ ነው። ነገር ግን ሕጉ ማንንም ስለማይከለክል ተፎካካሪው፣ በተለይም የኒው ዮርኩ ሃርፐር፣ ያንኑ ልብ ወለድ በሳምንቱ አትሞ በርካሽ ሊሸጥ ይችል ነበር። ስለዚህ ትልቁ ጉዳይ ፍጥነት ሆነ። የፊላደልፊያው ድርጅት መጽሐፉ በብሪታንያ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት የታተሙትን ገጾች እንዲልኩለት ለስኮትላንድ አሳታሚዎች ይከፍል ነበር፤ መርከቡ እንደደረሰም ሥራው ለብዙ ፊደል ለቃሚዎች ተከፋፍሎ ቀንና ሌሊት ይታተምና ከተፎካካሪው በጥቂት ቀናት ቀድሞ ገበያ ላይ ይውላል። ትርፉ የሚገኘው በእነዚያ ጥቂት ቀናት ውስጥ ነበር። ለአገሩ ደራሲዎችም ቢሆን ዘመኑ አልተመቸም። ከውጭ በነጻ የሚገኝ ሥራ እያለ ለአሜሪካዊ ደራሲ መክፈል አሳታሚውን አያጓጓውም ነበር። ኤድጋር አለን ፖ የአጫጭር ታሪኮቹን ስብስብ በ1839 ለሊ ኤንድ ብላንቻርድ ሲሰጥ ያገኘው ጥቂት ነጻ ቅጂዎችን ብቻ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አዲስ እትም እንዲወጣ ሲጠይቅም የመጀመሪያው ገና ተሸጦ አላለቀም የሚል መልስ ተሰጠው።

ሄንሪ ቻርልስ ኬሪ ከንግዱ ወጥቶ በዘመኑ ስመ ጥር የኢኮኖሚ ጸሐፊ ከሆነ በኋላ በ1853 የዓለም አቀፍ የቅጂ መብትን በመቃወም ጽፏል። ወጣት አገር እውቀትን በርካሽ ማግኘት አለባት የሚለው ክርክሩ እውነት አለው፤ ዛሬም በብዙ ድሃ አገሮች ይሰማል። ሆኖም ቤተሰቡ በዚያው ልማድ እንደከበረ ሳንዘነጋ ልናነበው ይገባል።

ድርጅቱ ከዚህ ውድድር የሚወጣበትን መንገድ ያገኘው በራሱ ከተማ ውስጥ ነው። ፊላደልፊያ በወቅቱ የአሜሪካ ሕክምና ማእከል ነበረች። የፔንሲልቬንያ ሆስፒታል በ1751፣ በቅኝ ግዛቶቹ የመጀመሪያ የሆነው የሕክምና ትምህርት ቤት በ1765፣ የሐኪሞች ኮሌጅ በ1787፣ የጄፈርሰን ሕክምና ኮሌጅ ደግሞ በ1824 ተመሥርተው ነበር። መምህራኑ ጥቂት መንገዶች ተሻግረው ከአሳታሚው ጋር ይገናኛሉ፤ ተማሪዎቻቸውም በየዓመቱ አዲስ ገዢዎች ናቸው። በ1820 ኬሪ በዶክተር ናታንየል ቻፕማን አርታኢነት የሕክምና መጽሔት ማሳተም ጀመረ። በዚያው ዓመት አንድ እንግሊዛዊ ጸሐፊ በኤድንብራ መጽሔት ላይ፣ የአሜሪካን መጽሐፍ የሚያነብ ማን ነው፣ ዓለምስ ከአሜሪካ ሐኪሞች ያገኘው ምን ጥቅም አለ ሲል በንቀት ጠይቆ ነበር። መጽሔቱ ያንን የንቀት ቃል መፈክሩ አድርጎ በራሱ ላይ አተመው። ከ1827 ጀምሮ የአሜሪካ የሕክምና ሳይንስ መጽሔት ተብሎ በዶክተር አይዛክ ሄይስ መሪነት ለአምስት አሥርት ዓመታት ያህል ቆየ፤ ዛሬም ይታተማል።

መጽሔቱ ለአሳታሚው ከሽያጩ የበለጠ ጥቅም ነበረው። የትኛው ሐኪም በደንብ እንደሚጽፍ፣ የትኛው ርዕስ አንባቢ እንዳለው፣ በአውሮፓ ምን አዲስ መጽሐፍ እንደወጣ ድርጅቱ ከማንም ቀድሞ የሚያውቀው በመጽሔቱ በኩል ነበር። በዚህ መንገድ በተጠናከረው የድርጅቱ የሕክምና መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ የዶክተር ሮብሊ ደንግሊሰን ሥራዎች ጎልተው ይታያሉ። ደንግሊሰን ከእንግሊዝ የመጣና በቨርጂንያ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ፣ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የቶማስ ጄፈርሰንም ሐኪም የነበረ ሰው ነው፤ በ1832 ኬሪ ኤንድ ሊ ያሳተመለት የፊዚዮሎጂ መጽሐፍ በተማሪዎች ዘንድ ለብዙ ዓመታት አገልግሏል።

እዚህ ላይ በልብ ወለድና በመማሪያ መጽሐፍ መካከል ያለውን የንግድ ልዩነት በግልጽ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ልብ ወለድ አንባቢው አንዴ አንብቦ ያስቀምጠዋል፤ ለአሳታሚውም ቶሎ ይሸጣል፣ ቶሎ ይሞታል። የሕክምና መማሪያ መጽሐፍ ግን በየዓመቱ ለሚገባ ተማሪ ሁሉ ያስፈልጋል፤ መምህሩ አንዴ ከመረጠው ሌላው መምህርም ይከተለዋል። ከሁሉም በላይ የሕክምና እውቀት ስለሚለወጥ የአምስት ዓመት መጽሐፍ ያረጃል፤ ስለዚህ አዲስ እትም ማውጣት ይቻላል፣ ግዴታም ይሆናል። በዚህ ላይ የቅጂ መብቱ ጉዳይ ይጨመራል። አሳታሚው የእንግሊዝን መጽሐፍ ወስዶ አንድ የአሜሪካ ሐኪም ማስታወሻና ማሻሻያ እንዲጨምርበት ካደረገ፣ የተጨመረው ክፍል የአሜሪካ ዜጋ ሥራ በመሆኑ በሕግ ይጠበቃል። ተፎካካሪው ዋናውን ማተም ይችላል፤ የተሻሻለውን ግን አይችልም። በዘመኑ የአሜሪካ የሕክምና መጻሕፍት ርዕስ ገጽ ላይ ከእንግሊዛዊው ደራሲ ስም ቀጥሎ፣ ከአሜሪካዊ ሐኪም ተጨማሪ ማስታወሻ ጋር የሚል ሐረግ በብዛት የሚታየው ለአንባቢ ጥቅም ብቻ ተብሎ አይደለም።

የዚህ አሠራር ትልቁ ምሳሌ የግሬይ አናቶሚ ነው። መጽሐፉ በ1858 በለንደን ወጣ። ጽሑፉን ያዘጋጀው የሴንት ጆርጅ ሆስፒታል ሐኪም ሄንሪ ግሬይ ሲሆን፣ 363 ሥዕሎቹን የሣለው የሥራ ባልደረባው ሄንሪ ቫንዳይክ ካርተር ነበር። ካርተር ሐኪምም ሠዓሊም ነበር፤ የአካል ክፍሎቹን ስም ከሥዕሉ ዳር በቁጥር ከማመልከት ይልቅ በራሳቸው በክፍሎቹ ላይ ጻፈው። ተማሪው ዓይኑን ከሥዕሉ ሳያነሣ ደም ሥሩን፣ ጡንቻውንና ስሙን በአንድ ጊዜ ያያል። መጽሐፉ የተወደደበት ዋናው ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ክፍያው ግን እኩል አልነበረም፦ ግሬይ በተሸጠው በእያንዳንዱ 1,000 ቅጂ 150 ፓውንድ ሲያገኝ፣ ካርተር አንድ ጊዜ ብቻ 150 ፓውንድ ተቀብሎ ከዚያ በኋላ ከሽያጩ ምንም አላገኘም። በዚያው ዓመት ወደ ሕንድ ሄዶ በቦምቤይ የሕክምና ትምህርት ቤት አስተማረ፤ ስለ ሥጋ ደዌና ስለ ሌሎች በሽታዎችም ጠቃሚ ምርምር አደረገ። ግሬይ በ1861 በፈንጣጣ ሞተ፤ ዕድሜው ገና 34 ነበር። ስማቸው ጨርሶ ያልተጻፈ ሌሎች ሰዎችም አሉ። በ1832 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ በድሆች መጠለያና በሆስፒታል ሞተው ዘመድ ያልጠየቃቸውን ሰዎች አስከሬን ለአናቶሚ ትምህርት እንዲሰጥ ፈቅዶ ነበርና ሁለቱ ሐኪሞች የመረመሩት የእነዚህን ድሆች አካል ነው።

ብላንቻርድ ኤንድ ሊ በ1859 የመጀመሪያውን የአሜሪካ እትም በፊላደልፊያ አወጣ። የሮብሊ ደንግሊሰን ልጅ ሪቻርድ በአርታኢነት ገብቶ በለንደኑ እትም ውስጥ የነበሩትን ስህተቶች አረመ። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ መጽሐፉ ሁለት የዘር ሐረግ ያዘ፤ የብሪታንያውና የአሜሪካው እየተለያዩ፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው አርታኢዎች እየታደሱ ከመቶ ዓመት በላይ ቀጠሉ። የአሜሪካው መስመር በሊ ኤንድ ፌቢገር እጅ እስከ 1985ቱ 30ኛ እትም ደረሰ። በ1918 የወጣው 20ኛው የአሜሪካ እትም የቅጂ መብቱ ስላበቃ ዛሬ በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል፤ ብዙ አንባቢ የምንጩን ስም ሳያውቅ በየድረ ገጹ የሚያያቸው የአጥንትና የነርቭ ሥዕሎችም አብዛኞቹ ከዚያ የተወሰዱ ናቸው።

ድርጅቱን ወደ ሕክምናና ሳይንስ ብቻ ያጠበበው የአይዛክ ሊ ልጅ ሄንሪ ቻርልስ ሊ ነው። ይህ ሰው በወጣትነቱ ከሥራ ብዛት ታሞ ሐኪሞች እንዲያርፍ ሲያዙት የታሪክ መጻሕፍት ማንበብ ጀመረ፤ በኋላም በአውሮፓ ቤተ ክርስቲያን መናፍቃን ባለቻቸው ላይ ስለተካሄደው የኢንኩዊዚሽን ፍርድ ትልልቅ ጥናቶችን ጽፎ ከዘመኑ ታላላቅ የታሪክ ሊቃውንት አንዱ ሆነ። ቀን ቀን የአናቶሚና የቀዶ ሕክምና መጻሕፍትን ሒሳብ የሚመረምር፣ በትርፍ ጊዜው ደግሞ ከአውሮፓ ቤተ መዛግብት የተገለበጡ ሰነዶችን የሚያነብ ነጋዴ በእውነት የሚያስደንቅ ነው። በ1880 ሥራውን ለልጆቹ አስረከበ፤ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ በ1892 ለተከፈተው የሥነ ንጽሕና ቤተ ሙከራ ገንዘብ የሰጠውም እርሱ ነው። በ1891 አሜሪካ የውጭ ደራሲዎችን የቅጂ መብት የሚያከብር ሕግ ስታወጣ፣ በነጻ እያተሙ የሚያተርፉ ልብ ወለድ አሳታሚዎች መሠረታቸው ተናጋ። ሕክምና ላይ ያተኮረው ይህ ድርጅት ግን በራሱ ደራሲዎችና በራሱ እትሞች ቆሞ ነበር። በዚያው ከተማ ሊፒንኮትና በ1888 የተቋቋመው ሳውንደርስ ተፎካካሪዎቹ ሆነው አድገው ስለነበር፣ የአሜሪካ ሐኪም መጽሐፍ በአብዛኛው ከፊላደልፊያ ይመጣ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አዲስ እትም ሁልጊዜ የንግድ ዘዴ ብቻ እንዳልሆነ ከድርጅቱ የሃያኛው ክፍለ ዘመን መጻሕፍት መረዳት ይቻላል። የቦስተኑ ሐኪም ኤሊየት ጆስሊን ስለ ስኳር በሽታ ሕክምና የጻፈው መጽሐፍ በሊ ኤንድ ፌቢገር በ1916 ሲወጣ ኢንሱሊን ገና አልተገኘም ነበር፤ ሐኪሙ ሊያደርግ የሚችለው የታማሚውን ምግብ አጥብቆ መቀነስ ነበር። በጥር 1922 በቶሮንቶ የመጀመሪያው ታማሚ ኢንሱሊን ተወጋ፤ በ1923 የመጽሐፉ ሦስተኛ እትም አዲሱን መድኃኒት ይዞ ወጣ። የ1917ቱን እትም ይዞ የቀረ ሐኪም ሊድን የሚችለውን ሰው በረሃብ ያቆየው ነበር ማለት ነው። በሌላ በኩል ማክስዌል ዊንትሮብ በ1942 ያሳተመው የደም ሕክምና መጽሐፍ አንድ ሰው ብቻውን አንድን ሙሉ ዘርፍ የጻፈበት ነው። ከዚያ ወዲህ ግን እውቀቱ ከአንድ ሰው አቅም በላይ ሆነ፤ ትልልቆቹ መጻሕፍት በብዙ ደራሲዎች ምዕራፍ በምዕራፍ ተከፋፍለው የሚጻፉ ሆኑ፤ የመሥራቹ ስም ከሞቱ በኋላም ሽፋኑ ላይ ይቆያል። ይህ ለአሳታሚው ወጪ ጨመረ፦ ብዙ ጸሐፊ፣ ብዙ አርታኢ፣ ባለቀለም ሥዕል፣ ፈጣን እድሳት። ሁሉም እትም ኢንሱሊንን የሚያህል አዲስ ነገር ይዞ አይመጣም፤ ዋጋው ግን በሁሉም ላይ ይጨምራል፤ የተማሪዎች ቅሬታም ከዚህ ይነሣል።

ወጪው ሲበዛ በቤተሰብ የሚመራ ድርጅት ብቻውን መቆም አልቻለም። በ1990 ሊ ኤንድ ፌቢገርን ዊሊያምስ ኤንድ ዊልኪንስ የተባለው የሕክምና መጻሕፍት አሳታሚ ባለቤት የሆነው የባልቲሞሩ ኩባንያ ዌቨርሊ ገዛው። በዚያው ዓመት የሆላንዱ ቮልተርስ ክሉወር ሊፒንኮትን ገዝቶ ነበር፤ በ1998 ዌቨርሊን ሲጨምርበት ሁለቱ ተዋሕደው ሊፒንኮት ዊሊያምስ ኤንድ ዊልኪንስ የሚለው ስም ተፈጠረ። ሳውንደርስ ደግሞ ከብዙ መሸጥና መለወጥ በኋላ በ2001 በኤልዝቪየር እጅ ገባ። የብሪታንያው የግሬይ አናቶሚም የሚታተመው በኤልዝቪየር ነው። በፊላደልፊያ በጥቂት መንገዶች ርቀት ይፎካከሩ የነበሩት ቤቶች ዛሬ በሁለት ትልልቅ የአውሮፓ ኩባንያዎች ሥር ናቸው።

ይህ መሰብሰብ ለኢትዮጵያ አንባቢ የራቀ ጉዳይ አይደለም፤ የሕክምና ትምህርታችን በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ የምንጠቀመው እነዚሁ ኩባንያዎች የሚያሳትሟቸውን መጻሕፍት ነው። በ2002 የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ ሂናሪ የተባለውን ፕሮግራም ሲጀምር፣ ቮልተርስ ክሉወርና ኤልዝቪየር ከመጀመሪያዎቹ ተሳታፊዎች መካከል ነበሩ። በፕሮግራሙ መሠረት ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆነ አገሮች ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ሆስፒታሎችና የምርምር ተቋማት መጽሔቶችንና መጻሕፍትን በኢንተርኔት በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ ያገኛሉ፤ ኢትዮጵያም ክፍያ ከማይጠየቅባቸው አገሮች መካከል ናት። ፈቃዱ የሚሰጠው ግን ለተመዘገበ ተቋም እንጂ ለግለሰብ ባለሙያ አይደለም፤ አሳታሚዎቹም የትኛውን ሥራ ለየትኛው አገር እንደሚከፍቱ የመወሰን መብታቸውን እንደያዙ ናቸው። ስለዚህ ተቋሙ ያልተመዘገበ ወይም ኢንተርኔት የማይደርሰው የገጠር ጤና ጣቢያ ሠራተኛ፣ መጽሐፉ በነጻ በተፈቀደበት አገር እየኖረም ላያገኘው ይችላል፤ የጤና ተቋማት ኃላፊዎችም ምዝገባውን እንደ ተራ የጽሕፈት ሥራ ሳይሆን መድኃኒት እንደማቅረብ ያለ ግዴታ አድርገው ሊይዙት ይገባል።